ማህተሙን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ በፊት ቆሜ እንድሰናበት ያበቃኝን ፈጣሪ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ የምሳ ሰዓታችሁን ትታችሁ በዚህች ጠባብ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቃችሁልኝን እናንተን። ዳይሬክተራችን ዶክተር፣ ሜትሮናችን ሲስተር፣ እንደ ልጄ የማያት ፋርማሲስታችን፣ የወንዶች ዋርድ ጓዶቼ፣ የልብስ እጥበት እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ባለመደገፊያ ወንበር ነው፤ ሲያዩትም ያምራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በዚህ የአእምሮ ሆስፒታል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ሳድል አንዲት ዱካ ጠፍታ፣ ልሄድ ስል ነው ወንበር የተገኘው?

ሳቁ፣ ግድ የለም። ቀጥሎ የምናገረው ብዙ አያስቅም።

ንግግሬን በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍልና የአንድ ዓመት የጤና ረዳትነት ኮርስ ነው። በቃሌ ከተናገርኩ እፈራለሁ፤ ከፈራሁ ደግሞ «አመሰግናለሁ» ብዬ እቀመጣለሁ። ዛሬ እንደዚያ ብዬ መቀመጥ አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መምህሩን የሚወስድ መኪና ይመጣል። አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው፣ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ናቸው። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት እኛ ጋ ሲተኙ አንድም ጠያቂ መጥቶላቸው አያውቅም። ኮሚቴው «የመርሳት በሽታ ነው፣ አእምሮው አልቋል፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግለት ሕክምና የለም» ብሎ ወደ መጦሪያ ቤቱ እንዲዛወሩ ፈርሟል። ከዚያ ቤት ተመልሶ የመጣ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም።

እኔ የምለው ደግሞ ይህን ነው። የመምህሩ አእምሮ አላለቀም። እኛ ነን የሸፈንነው። «እኛ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ታገሡኝና ከሥሩ ልጀምር።

እዚህ በተቀጠርኩ በሰባተኛው ዓመት አንድ ወጣት ሹፌር ገባ። ሌሊት አይተኛም፣ መስኮት ይሰብራል፣ የሌለ ሰው ያናግራል። መርፌ ታዘዘለትና ረጋ። በማግስቱ እናቱ ሊጠይቁት መጥተው አልጋው ላይ ያገኙት አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተሰክቶ፣ ምላሱ ወጥቶ ነው። እናት ጮሁ። «እኔ ያመጣሁት የታመመ ልጅ ነው! እናንተ ምን አስገባችሁበት?»

እኔም ብሆን ደንግጬ ግድግዳውን ተደግፌ ጸሎት ጀምሬ ነበር። የዚያን ጊዜው ዶክተር ዞር አሉና፣ «ጸሎቱን ቀጥል፣ መርፌውን ግን አቀብለኝ» አሉኝ።

ወጉት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ አንገቱ ተመለሰ፣ ዓይኑ ወረደ። «ውሃ ስጡኝ» አለ። እናትየው እግሬ ላይ ወድቀው ሲያመሰግኑኝ እኔ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ያቺ መርፌ የትንሿ ነጭ ክኒን እህት ናት። ክኒኗ በወረቀት ስሟ ትራይሄክሲፊኒዲል ነው፤ እኛ ዋርድ ግን ታማሚዎቹ «መፍቻ» ይሏታል፤ የታሰረ ሰውነት ትፈታለችና። ዋናው መድኃኒት፣ ማለት የሌለ ድምፅ የሚያሰማውን በሽታ የሚያበርደው፣ አንዳንዱን ሰው እንደ እንጨት ያደርቀዋል፣ እጁን ያንቀጠቅጠዋል። መፍቻ ያን ታላላለች። ለሹፌሩ ከመጀመሪያውኑ አብራ ልትታዘዝለት ትችል ነበር፤ በግርግሩ ያሰባት አልነበረም።

እኔም ሌላ ሰው እንዲህ ሲሆን አላይም አልኩ። ከግቢያችን ፊት ለፊት መንገዱ ዳር የሚቀመጥ ማህተም ቀራጭ ነበር። ጽሑፉን ሰጠሁት። አነበበና፣ «ጌታው፣ ይህን ስም የሚሸከም ጎማ የለኝም» አለኝ። በግድ አሳጥሮ፣ አጣብቆ ቀረጸልኝ። የክኒኗ ስም፣ መጠኗ፣ «ጠዋትና ማታ»። በቃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው መድኃኒት በታዘዘበት ካርድ ሁሉ ከሥሩ ማህተሙን ጠብ አደርጋለሁ፤ ሐኪሙ ይፈርማል። ሐኪሞቹ ደስ አላቸው። የእጅ ጽሑፋቸውን ከማንበብ ዳንኩና እኔም ደስ አለኝ። የምስጋና ደብዳቤም ተጽፎልኛል፤ አሁንም ቤት ግድግዳ ላይ አለ፤ ዛሬ ማታ አወርደዋለሁ።

ማህተሙ አንድ ጉድለት ነበረበት። መቼ እንደምትጀመር ይናገራል፤ መቼ እንደምትቆም አይናገርም።

በሃያ ስድስት ዓመት ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ለወጣቱም፣ ለሽማግሌውም፣ ለሚንቀጠቀጠውም፣ ተንቀጥቅጦ ለማያውቀውም። «ይህ ሰው ለምንድን ነው የሚወስዳት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ ነበረች።

ባለቤቴን ታስታውሷታላችሁ። የዛሬ አምስት ዓመት ግድም አንድ ከሰዓት በኋላ ሽርጧ እንደረጠበ ዋርዱ በር ላይ ቆመች።

«የአሥራ አራት ቁጥር አንሶላ ሁለት ቀን ደርቆ መጣልኝ» አለችኝ።

«ታዲያ ደስ አይልሽም? ሥራ ቀለለልሽ።»

«ያ ሰውዬ አድርቆ አድሮ ያውቃል?»

«ተሽሏቸው ይሆናል።»

«ውሃውን በጆግ እየገለበጡ፣ አንሶላው ደረቅ። የገባው የት ሄደ? አንተ የተማርከው እስኪ ንገረኝ።»

ሳቅኩባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ «አጣቢ ደግሞ ሐኪም ሆነች» ብዬ አሾፍኩባት። ማምሻውን መምህሩ ማቃሰት ጀመሩ። ሆዳቸውን ብነካው ከበሮ ሆኗል። ቱቦ ሲገባላቸው የወጣው ሽንት ከአንድ ሊትር ተኩል በለጠ። እስከ ንጋት ቢቆይ ምን ይፈጠር እንደነበር እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ፋርማሲስቷ ያኔ ለሥራው አዲስ ነበረች። ካርዱን አየችና፣ «ጋሼ፣ መፍቻዋ ናት የዘጋችው» አለችኝ። መፍቻ እንዴት ትዘጋለች? ምንም አልገባኝም። እጥበት ክፍሉ ድረስ ወርዳ፣ እኔንም ባለቤቴንም በርሜሎቹ መካከል አቁማ አስረዳችን።

«አእምሮ ውስጥ ሁለት መልእክተኞች አሉ» አለች። «አንዱ ዶፓሚን ነው፣ አንዱ አሴቲልኮሊን። እንቅስቃሴያችን የሚቃናው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው። ዋናው መድኃኒት ዶፓሚንን ይይዘዋል። ያኔ ሌላኛው ብቻውን ይጎላና ሰውነት ይደርቃል፣ ይንቀጠቀጣል። መፍቻ ሌላኛውንም ትይዘውና ይመጣጠናሉ።»

እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ የገባኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ግን፣ «ቆይ፣ አንሶላ መጭመቅ ነው በይኛ» አለች። «ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጠመዝዛለን። የአንዷን እጅ ብታስሪው ያቺኛዋ ጎትታ ሁሉንም ወደ ራሷ ትጠቀልለዋለች። ስለዚህ የእሷንም እጅ ታስሪዋለሽ። አንሶላው ወደ የትም አልተጎተተም፤ ግን ማን ይጨምቀዋል?»

ፋርማሲስቷ አቀፈቻት። «እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል ይህ!» አለች።

ጉዳቱን ሁሉ የሰማሁት እዚያው ነው። ያ እጁ የታሰረው መልእክተኛ ለካ ሥራው ብዙ ነው። ምራቅን የሚያመጣው እሱ፣ አንጀትን የሚያንቀሳቅሰው እሱ፣ ፊኛን ጨምቆ ሽንት የሚያስወጣው እሱ፣ ላብ የሚያወጣው እሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስታወስ ያለ እሱ አይሆንም። ሰው ሲሸመግል ይህ መልእክተኛ ቀድሞውኑ ስለሚያንስ፣ የቀረውንም ስታስሩት ሰውየው ይደናገራል፣ ይረሳል። መምህሩ የሚወስዱት ዋናው መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ራሱ ይህ የማድረቅ ጠባይ አለበት። መፍቻ ሲጨመርበት በድርቅ ላይ ድርቅ ነው። አንገት የሚቆለምመው ነገር ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ያውም በወጣቶች ላይ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቹ መፍቻ ላያስፈልጋቸው ይችላል። መታየት አለበት። እኔ ግን ማህተም ነበረኝ፤ ማህተም ያለው ሰው ምን ያያል?

ማታ አብረን ወደ ቤት ሄድን። በር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ፣ «እኔ አንሶላ አይቼ አወቅኩ። አንተ ሰውየውን በቀን ሁለት ጊዜ ታያለህ» አለችኝ።

የዚያን ጊዜው የዋርዱ ሐኪም ክኒኗን ቀስ በቀስ አስቀንሰው አስቆሙ። ከአንድ ወር በኋላ ምን ሆነ? የወንዶች ዋርድ ጓዶቼ ምስክሮቼ ናችሁ። አንድ ጠዋት ክኒን ሳቀብላቸው መምህሩ እጄን ያዙና፣ «የዓለም ትልቁ ሐይቅ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ መምህር።»

«ቁጭ በል! ነገ አጥንተህ ና።»

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የቤት ሥራ ይዤ ገባሁ። በማግስቱ «ካስፒያን» ስላቸው፣ «ማን ነገረህ? ኮርጀሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ኮርጄ ነበር። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ወንዝ፣ በረሃ፣ የባሕር ወሽመጥ። ስሜን ያውቁ ነበር። የባለቤቴንም ስም ያውቁ ነበር። ሲስተር፣ እርስዎንም «አንቺ የፊት ወንበር» ይሉዎት ነበር፤ ረሱት?

ከዚያ ባለቤቴ ታመመችና ዐረፈች።

ከሐዘን በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የካርድ ቅያሬ ነበር። አሮጌው ካርድ ተሞልቶ ሲያልቅ ትእዛዙን ወደ አዲሱ እንገለብጣለን። ስልሳ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። ሁሉም ላይ መታሁ። አሥራ አራት ቁጥርም ላይ መታሁ። ሐዘን ዓይን ይጋርዳል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ድሮም ማህተም የምመታው በእጄ እንጂ በዓይኔ አልነበረም። የፈረመውን ሐኪም አልወቅስም። ስልሳ ጊዜ ስሙን ሲጽፍ እሱም እጁ ነበር የሚሠራው።

መምህሩ ቀስ በቀስ ጠፉ። መጀመሪያ ጥያቄው ቀረ። ቀጥሎ ስሜ ቀረ። አሁን «አንተ ማን ነህ?» ይሉኛል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ሽንታቸው በጠብታ ነው፣ አንሶላቸውን ይዘው የሌለ ክር ሲመዙ ይውላሉ። እኔም እንደ ሁላችሁ «እርጅና ነው» ብዬ አራት ዓመት አለፍኳቸው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ለርክክብ መደርደሪያ ሳጸዳ አሮጌ ካርዶች ወጡ። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ክኒኗ በቀይ ተሰርዛለች፣ ከጎኗ «ሽንት ዘግታበታለች፤ ዳግመኛ እንዳትሰጥ» ይላል። አዲሱን ካርድ አምጥቼ አጠገቡ አደረግኩት። ማህተሜ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱን ካርዶች ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔም ወንበር አልነበረም።

ወደ ሲስተር ሄድኩ። ሲስተር፣ አሁን የምናገረው ሐሰት ከሆነ አርሙኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ መድኃኒት አዳይ ነዎት እንጂ አዛዥ አይደሉም። ፋይሉ ተፈርሟል። ይልቅ አሁን ይረፉ» አሉኝ።

«ሲስተር፣ ይረፍ የሚባለው ለሞተ ሰው ነው» አልኩዎት።

ወደ ዶክተርም ገባሁ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ በአክብሮትም ሸኙኝ። «በሚቀጥለው ኮሚቴ እናየዋለን» አሉ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ከወር በኋላ ነው። መኪናው የሚመጣው ሰኞ። ዶክተር፣ ፋርማሲስቷ ስለ መምህሩ የጻፈችልዎት ደብዳቤም ጠረጴዛዎ ላይ አለ፤ ገና አልተከፈተም፤ ትናንት ሻይ ሲያስቀምጡበት አይቻለሁ።



ጀግና መስዬ ከታየኋችሁ ተሳስታችኋል። ጡረታ ወጥቼ ነው የምናገረው፤ ከእንግዲህ የሚያባርረኝ የለም። አሥር ዓመት ሥራ ቀርቶኝ ቢሆን ይህን እናገር ነበር? እግዚአብሔርን በጸሎት ጠይቄዋለሁ። ልቤ ውስጥ የሰማሁትን መልስ አልወደድኩትም። ግን ፈሪ ዘግይቶ ቢናገር እውነቱ ውሸት አይሆንም።

መፍቻ መጥፎ ናት እያልኩ አይደለም። ያንን ሹፌር ከነእናቱ አድናዋለች፤ ነገም ሌላውን ታድነዋለች። የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ለሚያስፈልገው ስጡት፣ አትከልክሉት። ዛሬ ማታ ተነስታችሁ ከሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ቁረጡ እያልኩም አይደለም፤ በድንገት የተቆረጠ እንደሆነ ሰውነት ያምፃል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመምህሩ ዝውውር ይቆይ። ክኒኗ በሐኪም ትእዛዝ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትቀነስ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ አካሄዳቸው ይከብድ እንደሆነ ይታይ። ሁለት ወር ስጧቸው። ከሁለት ወር በኋላም «አንተ ማን ነህ?» ካሉኝ፣ እኔ ራሴ ሻንጣቸውን ተሸክሜ መጦሪያ ቤቱ አደርሳቸዋለሁ። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ በሽታው እውነተኛ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ግን ሳናይ ነው ወይ ሰው የምንጥለው?

ስለ ማህተሙ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊው ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ጋወኑን አስረክቤያለሁ። ማህተሙን አላስረክብም። በንብረት መዝገብ ላይ የለም፤ እኔው አስቀረጽኩት፣ እኔው ትናንት በምላጭ ፊቱን ላጨሁት። ክሊራንሴ ላይ «ይጎድለዋል» ብላችሁ ጻፉ። ከእንግዲህ ያቺን ክኒን የሚያዝ ሐኪም በእጁ ይጻፋት፤ ረጅም ስም ናት፤ ሲጽፋት የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል።

ሲስተር ሰዓትዎን እያዩ ነው። ልጨርስ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ስሠራ ዝም በል ስባል ዝም ብያለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኝነቴ ያበቃል። የጠያቂ መብት ግን ለማንም ክፍት ነው፤ በር ላይ የተለጠፈውን ሕግ የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ጠያቂ የታማሚውን ሁኔታ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል ይላል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዋርዱ በር ላይ ነኝ። ዘበኛችን መዝገቡን ያቀርብልኛል፤ ስም፣ አድራሻ፣ ከታማሚው ጋር ያለ ዝምድና የሚል አለው። በአሥራ አንድ ዓመት የመምህሩ ገጽ ላይ አንድም ፊርማ የለም። ዝምድና በሚለው ላይ «የበደልኳቸው ሰው» ብዬ እጽፋለሁ። እሳቸው ሳያውቁኝ ቢቀሩም ጎናቸው እቀመጣለሁ። መኪናው ሲመጣም አልነሳም። ዶክተር፣ እኔን ገፍቶ የሚያነሳ ሰው ማዘዝ ይችላሉ፤ ወይም ደግሞ ደብዳቤውን መክፈት ይችላሉ። መልሱን አሁን አልጠብቅም። እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት ጊዜ አለዎት።

አሁን ልመርቃችሁ።

እጃችሁ ሲሠራ ዓይናችሁ አብሮት ይዋል። ስህተታችሁን ቶሎ ያሳያችሁ፤ እንደኔ አራት ዓመት አያቆያችሁ። ከእናንተ በታች የቆመ ሰው ሲናገር የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ትዳራችሁ ይባረክ፤ ያላገባችሁ ሁሉ ተከራካሪ ሚስት፣ ተከራካሪ ባል ይስጣችሁ። ስትታመሙ የሚጠይቃችሁ፣ ስታረጁ ቁጥራችሁን ሳይሆን ስማችሁን የሚጠራ ሰው አያሳጣችሁ። እኔን የታገሠ አምላክ እናንተንም ይታገሣችሁ። አሜን።

ሰኞ እንገናኝ።